የጄምስታውን ወይዘሮዎች፦ ያዳኑትና የተዉት

«ቅኝ ግዛት» የሚለው ቃል በክፍል ውስጥ ሲነሣ የእኛ ተማሪ ወዲያው ዓድዋን ያስባል። ቃሉ ለእኛ ስድብ ነው። በአሜሪካ ግን ይህንኑ ቃል በማኅበራቸው ስም ላይ ጽፈው የሚኮሩበት ሴቶች አሉ። እነሱ ቃሉን ሲሰሙ የሚታያቸው የተገዛው ሕዝብ ሳይሆን ባሕር አቋርጦ የሰፈረው ቅድመ አያታቸው ነው። እጩ መምህራን ሆይ፣ ይህ ልዩነት እንዴት እንደተፈጠረ ለመረዳት የቨርጂኒያን ሴቶች ታሪክ ማየቱ ይበቃል። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ጄምስታውን በ1607 የተመሠረተች፣ እንግሊዞች በሰሜን አሜሪካ ለመጀመሪያ ጊዜ ጸንተው የኖሩባት ሰፈር ነች። በ1699 ዋና ከተማነቱ ወደ ዊልያምስበርግ ሲዛወር ሰፈሩ ቀስ በቀስ የእርሻ ማሳ ሆነ። ወንዙም ዳርቻውን እየሸረሸረ ይበላው ጀመር። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ከአሮጌው ቤተ ክርስቲያን ከመሬት በላይ ቆሞ የቀረው የጡብ ማማው ብቻ ነበር።

ሥራውን የጀመሩት ሹማምንት ወይም ምሁራን አልነበሩም። በዊልያምስበርግ የሚኖሩ ሲንቲያ ቤቨርሊ ታከር ኮልማን የሚባሉ ወይዘሮ በ1884 በሞተች ልጃቸው ስም አንድ ትንሽ ማኅበር አቋቁመው፣ ልጆችን ሰብስበው የእጅ ሥራ እያሠሩ የከተማውን ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ለማደስ ገንዘብ ያሰባስቡ ነበር። የትልቁ ነገር ዘር ይኸው ነው። በ1889 ከሜሪ ጄፈሪ ጋልት ጋር ሆነው የቨርጂኒያ ጥንታዊ ቅርሶች ጥበቃ ማኅበርን መሠረቱ። ማኅበሩም በየከተማው ቅርንጫፍ እያወጣ ሄደ።

የዊልያምስበርግ ሴቶች መጀመሪያ ያተኮሩት በ1715 በተሠራው የባሩድ ግምጃ ቤት ላይ ነበር። ይህ ሕንፃ በ1775 የእንግሊዝ ንጉሥ አገረ ገዢ ባሩዱን በሌሊት አስወጥቶ ሕዝቡን ያስቆጣበት ነው። ኋላ ግን ገበያም፣ የጸሎት ቤትም፣ የፈረስ ጋጣም ሆኖ አገልግሎ ግድግዳው እስከ መናድ ደርሶ ነበር። ማኅበሩ ገዝቶ አቆመው። በ1893 ደግሞ ከጄምስታውን ደሴት ላይ 22 ተኩል ኤከር መሬት፣ ማለትም 9 ሔክታር ያህል፣ ከባለ ርስቶቹ በስጦታ አገኘ። ከዚያ በኋላ ወንዙን የሚያቆም ነገር እንዲሠራ ወተወቱ። በ1900 እና በ1901 የመንግሥት መሐንዲሶች የኮንክሪት መከላከያ ግንብ ሠሩ።

እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ እነዚህ ሴቶች የመምረጥ መብት እንኳ አልነበራቸውም። የአሜሪካ ሴቶች በሕገ መንግሥት ማሻሻያ ድምፅ ያገኙት በ1920 ነው። «ቅርስ መጠበቅ» ግን ማንም የማይቃወመው፣ ለጨዋ ሴት የሚፈቀድ ሥራ ስለነበረ በዚያ በር ገብተው ገንዘብ መሰብሰብን፣ መሬት መግዛትን፣ ከምክር ቤት ጋር መከራከርን ተማሩ። ብልሃት ነው፤ አድናቆቴን አልሸሽግም።

በ1891 የተቋቋመው የአሜሪካ የቅኝ ዘመን ወይዘሮዎች ብሔራዊ ማኅበርም ወደዚያው ስፍራ መጣ። ይህ ማኅበር አባል የሚያደርገው በግብዣ ሲሆን፣ አያቷ ከ1776 በፊት ለቅኝ ግዛቱ አገልግሎት መስጠቱን ማስረዳት የምትችል ሴት ትፈለጋለች። በአጭሩ የዘር ሐረግ መቁጠር ግዴታ ነው። ጄምስታውን 300 ዓመት በሞላት በ1907 ከአሮጌው ማማ ጋር የሚያያዝ የመታሰቢያ ቤተ ክርስቲያን በድሮው መሠረት ላይ አሠሩ። ሐምሌ 30 ቀን 1619 የመጀመሪያው የተመራጮች ጉባኤ የተቀመጠው እዚያው ስፍራ በነበረ ቤተ ክርስቲያን ነው። አንዲት ሴት እንኳ በጉባኤው አልነበረችም።

ታዲያ በዚያው በ1619 ሌላ ነገር ሆኗል። ጉባኤው ከተቀመጠ ጥቂት ሳምንታት በኋላ ከአንጎላ የተጋዙ ሃያ ያህል አፍሪካውያን በአንዲት መርከብ ቨርጂኒያ ደርሰው በስንቅ ተለወጡ። የተከተለችው መርከብ ያመጣቻት አንዲት ሴት በ1625 የሰፈሩ ነዋሪዎች ሲቆጠሩ በጄምስታውን በአንድ ካፒቴን ቤት ተመዝግባለች። ስሟ አንጄላ ነው። የተጻፈላት ስሟ፣ ጥቁር መሆኗና የመጣችበት መርከብ ብቻ ነው። የዘር ሐረግ በሚቆጥር ማኅበር ውስጥ እሷን አያቴ ብሎ የሚጠራ አልነበረም። በደሴቲቱ ላይ የካፒቴን ጆን ስሚዝ ሐውልት በ1909፣ የፖካሆንታስ በ1922 ቆመ። አንጄላ የኖረችበት ቦታ ቁፋሮ የተጀመረው ግን በ2017 ነው።

ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይመስለኝም። ነባሮቹ የቨርጂኒያ ቤተሰቦች በእርስ በርስ ጦርነት (1861-1865) ተሸንፈው፣ ባሪያቸውንና ሀብታቸውን አጥተው ነበር። የቀራቸው ስም ነው፤ ስምን የሚያጸናው ደግሞ ድንጋይና ታሪክ ነው። በ1902 የወጣው የቨርጂኒያ ሕገ መንግሥት በግብርና በንባብ ፈተና አሳብቦ አብዛኛውን ጥቁር መራጭ ከድምፅ መስጫው አባረረው። ሕጉን ወይዘሮዎቹ አወጡት ማለቴ አይደለም። የመታሰቢያው ሥራና ሕጉ የመጡት ግን በአንድ ዘመንና ከአንድ የኅብረተሰብ ክፍል ነው።

ነገሩ በዚህ ብቻ አያበቃም። የታሪክ ሊቃውንት የ1607ቱን ምሽግ ወንዙ ወስዶታል ብለው ደምድመው ነበር። በ1994 ዊልያም ኬልሶ የሚባለው አርኪዮሎጂስት በማኅበሩ መሬት ላይ ቁፋሮ ሲጀምር ምሽጉ አብዛኛው በየብስ ላይ ተገኘ። የሴቶቹ ውትወታ ያሠራው ግንብ ባይኖር ኖሮ የቀረውንም ውኃ ይወስደው ነበር። አንጄላን ያልጠሯት ሴቶች አንጄላ ያየችውን ምሽግ አተረፉ ማለት ነው።

የማኅበራዊ ሳይንስ ትምህርት ለምታስተምሩ የሚከተለውን ለውይይት አቅርቤያለሁ፦ በተመደባችሁበት አካባቢ ያለውን አንድ ሐውልት ወይም አሮጌ ሕንፃ ማን አሠራው? ገንዘቡ ከየት መጣ? ድንጋዩን ተሸክሞ የገነባው ሰው ስሙ የት ተጽፏል? አዛውንቶቹን ስትጠይቁ ወንዶቹንና ሴቶቹን ለየብቻ ጠይቁ፤ የሚነግሯችሁ አንድ ዓይነት አይሆንም።