እከክና የቤት ውስጥ መድኃኒት፦ ለማዳን ሲባል የሚደርስ ጉዳት

«እከክ የሰጠ ጥፍር አይነሳም» ይባላል። አባባሉ ሕመሙ በአገራችን ምን ያህል እንደተለመደ ያስረዳል። ይሁን እንጂ ውሃ ሲጠፋ፣ ልብስ ሲያንስና ሕዝብ በአንድ መጠለያ ሲጨናነቅ፣ ቀላል የተባለው እከክ ወደ ወረርሽኝ ይለወጣል። በ2008 ዓ.ም. በኤልኒኖ ሳቢያ ድርቅ በደረሰ ጊዜ በአማራ ክልል የታየው ይኸው ነበር። በተጎዱት ወረዳዎች ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ተመርምረው፣ ከሦስቱ አንዱ ያህል እከክ እንደያዘው ተረጋግጧል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2009 ዓ.ም. እከክን ትኩረት ከተነፈጋቸው የሐሩር ክልል በሽታዎች ጋር መድቦታል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ቤተሰብ እከክን በራሱ ዘዴ ለማዳን ሲሞክር የሚደርሰውን ጉዳትና መከላከያውን ማስረዳት ነው።

የበሽታው ጠባይ

እከክን የሚያመጣው ርዝመቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ የማይሞላ፣ ቆዳን ቦርቡሮ እንቁላሉን የሚጥል ተባይ ነው። በጣቶች መካከል፣ በእጅ አንጓ፣ በብብትና በወገብ ዙሪያ ሽፍታ ያወጣል፤ ማሳከኩም በሌሊት ይብሳል። ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፈው በቆዳ ንክኪ ነው። ደብረ ማርቆስን በመሰለ ብርዳም ደጋ ቤተሰብ በአንድ አጎዛ ላይ፣ በአንድ ጋቢ ሥር ተጠጋግቶ ስለሚያድር፣ አንዱን የያዘው ሁሉንም ይይዛል።

ሁለት ነገሮች በተለይ ሊታወቁ ይገባል። አንደኛ፣ ተባዩ ለመጀመሪያ ጊዜ የያዘው ሰው ማሳከክ የሚሰማው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ቆይቶ ነው። ስለዚህ ጤነኛ የሚመስለው የቤተሰብ አባል በሽታውን ሊያስተላልፍ ይችላል። ሁለተኛ፣ ተባዩ በመድኃኒት ከሞተ በኋላም ማሳከኩ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ሊቀጥል ይችላል።

ስሕተቱ የሚጀምርበት ጊዜ

ለምሳሌ ያህል፣ ሕፃኗን ጤና ጣቢያ ወስዳ ቅባት የተሰጣትን አንዲት እናት እናስብ። እንደታዘዘችው ቀባችው፤ ልጁ ግን በሳምንቱም ሌሊቱን ሲያክ ያድራል። ጎረቤቷ «እቴ፣ የሐኪሙ ቅባት አልያዘለትም፤ ጋዝ ቀቢው» ትላታለች። እናቲቱ ይህን የምትሰማው ልጇን ለማዳን ካላት ጉጉት የተነሣ ነው። ማሳከኩ ለጊዜው እንደሚቀጥል ቀደም ሲል የነገራት ባለመኖሩ፣ መድኃኒቱ አልሠራም ብላ ብትደመድም አያስደንቅም።

ነጭ ጋዝ ቆዳን ያቃጥላል፤ በምድጃ አጠገብ ለተቀመጠ ልጅ ደግሞ የእሳት አደጋ ያስከትላል። ተወቅጦ የሚለጠፍ ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ ቆዳን ያቆስላል። የቁልቋል ወተት ዓይን ከነካ ከባድ ጉዳት ያደርሳል። ከሁሉም የከፋው ለእህል ወይም ለትንኝ የተዘጋጀ ፀረ ተባይ መድኃኒት መቀባት ነው። እንደ ማላታይን ያለው መርዝ በቆዳ በኩል ወደ ሰውነት ይገባል። ላብና ምራቅ መብዛት፣ ማስመለስ፣ የዓይን ብሌን መጥበብና የትንፋሽ ማጠር ምልክቶቹ ናቸው። ይህ ከታየ ልብሱን አውልቆ ገላውን በሳሙናና በብዙ ውሃ እያጠቡ በአስቸኳይ ወደ ጤና ድርጅት ማድረስ ያስፈልጋል።

የቆሰለ ቆዳ ይመግላል። ከቁስሉ የሚነሣ የባክቴሪያ ልክፈት ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል። የልጁ ፊት ካበጠ ወይም ሽንቱ ከጠቆረ ሳይውል ሳያድር ይመርመር።

ከሠራተኛው የሚጠበቅ

1. መድኃኒት ሲሰጥ «ማሳከኩ እስከ አንድ ወር ሊቆይ ይችላል፤ ሌላ ነገር አትቀቡ» ብሎ አስቀድሞ መናገር። አዲስ ሽፍታ ከወጣ ወይም ከወር በላይ ከቆየ እንዲመለሱ መምከር።

2. የቤተሰቡን አባላት በሙሉ፣ የማያሳክካቸውንም ጨምሮ፣ በአንድ ቀን ማከም።

3. ለሁኔታው የሚስማማውን መድኃኒት መምረጥ። 5 በመቶ የፐርሜትሪን ቅባት ከ8 እስከ 14 ሰዓት ገላ ላይ ቆይቶ ይታጠባል፤ በሳምንቱም ይደገማል። በጤና ድርጅት ተመጥኖ የተዘጋጀ የድኝ ቅባት ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡሮች ይሆናል። የአይቨርሜክቲን ኪኒን ግን ለነፍሰ ጡርና ክብደቱ ከ15 ኪሎ በታች ለሆነ ልጅ አይሰጥም።

4. ልብስና መኝታ በፈላ ውሃ ማጠብ። ውሃ በሌለበት በላስቲክ ከረጢት ጥብቅ አድርጎ አስሮ ቢያንስ 3 ቀን ማቆየት ይበቃል፤ ተባዩ ከሰው ገላ ከተለየ ብዙ ቀን አይኖርምና።

5. እስካሁን ምን እንደተቀባ ያለ ቁጣ መጠየቅ። የተቆጡት ሰው ይደብቃል፤ የተደበቀ መርዝ ደግሞ ለሐኪሙም አስቸጋሪ ነው።

ቅባቱን ማደል የሥራው ግማሽ ነው። ቀሪው ግማሽ እናቲቱ በእነዚያ አስጨናቂ ሌሊቶች በትዕግሥት እንድትቆይ የሚያስችላትን ቃል አብሮ መስጠት ነው።