ለትንሽ ግን ኃይለኛ የእጅ ባትሪ የሚሆን ድንጋይ አመራረጥ

ኪስ ውስጥ የሚገባ፣ ሲያበሩት ግን ግቢውን ከዳር እስከ ዳር የሚያሳይ የእጅ ባትሪ ዛሬ ብርቅ አይደለም። አብዛኛው ገዢ የሚያየው ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን የሉመን ብዛት ነው። ምክር ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምለው ግን አንድ ነው፦ መጀመሪያ ድንጋዩን ይምረጡ፣ ባትሪውን ከዚያ በኋላ። መብራት በሄደበት ሌሊት ብርሃኑ ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ የሚወስነው ድንጋዩ ነው።

አንደኛ፣ ቁጥሩን ማንበብ ይልመዱ። በቻርጅ የሚሠሩት የሊቲየም ድንጋዮች ስማቸው ልካቸው ነው። 18650 ማለት 18 ሚሊሜትር ውፍረት፣ 65 ሚሊሜትር ርዝመት ነው። 21700 ደግሞ 21 በ70፤ አጭሩ 16340 16 በ34፤ 14500 14 በ50 ነው። የመጨረሻዋ ዜሮ ድንጋዩ ክብ ዘንግ መሆኑን ታመለክታለች። 14500 ላይ ቆም ይበሉ። መጠኑ ለግድግዳ ሰዓት ከምንገዛው ዱብል ኤ ጋር አንድ ነው፤ ነገር ግን ዱብል ኤው 1.5 ቮልት ሲሆን 14500 ሙሉ ቻርጅ ሲደረግ 4.2 ቮልት ይደርሳል። ለዱብል ኤ ብቻ በተሠራ ባትሪ ውስጥ ካስገቡት ሊያቃጥለው ይችላል።

ሁለተኛ፣ ሂሳቡን ይሥሩ። ድንጋዩ ላይ የተጻፈውን ሚሊአምፒር-ሰዓት ለ1000 ያካፍሉና በአማካይ ቮልቱ፣ ማለትም በ3.6፣ ያባዙ፤ የያዘውን ጉልበት በዋት-ሰዓት ያገኛሉ። 3500 የሚል 18650 ወደ 12.6 ይይዛል፤ 5000 የሚል 21700 ደግሞ 18። 700 የሚል 16340 ግን 2.5 ብቻ ነው። ጥሩ ኤልኢዲ ከአንድ ዋት 100 ሉመን ገደማ ያወጣል እንበል። 1000 ሉመን 10 ዋት ይፈልጋል ማለት ነው። ስለዚህ 18650 ከአንድ ሰዓት ትንሽ አልፎ፣ 21700 እስከ አንድ ሰዓት ከአርባ አምስት ደቂቃ፣ 16340 ደግሞ ሩብ ሰዓት ያህል ያበራሉ። ትንንሽ ባትሪዎች ቶሎ ስለሚግሉ ብዙዎቹ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ብርሃናቸውን ራሳቸው ይቀንሳሉ፤ በተግባር የሚቆዩበት ጊዜ የሚረዝመው ለዚህ ነው። በድንጋዮቹ መካከል ያለው ልዩነት ግን ያው ነው።

ሦስተኛ፣ ድንጋዩ ስንት አምፒር መስጠት እንደሚችል ይጠይቁ። ብዙ ሰው የሚዘለው ይሄንን ነው። 10 ዋት ከ3.6 ቮልት ለማውጣት 3 አምፒር ያህል ይፈልጋል፤ ይህ ለ18650 ቀላል ነው። 3000 ሉመን ሲሆን ግን ከ8 አምፒር ያልፋል። ከፍተኛ አቅም ያላቸው ድንጋዮች ብዙውን ጊዜ በአምፒር ደከም ይላሉ፤ በተቃራኒው 15 አምፒር የሚሰጠው 18650 አቅሙ 3000 አካባቢ ነው። ባትሪዎ በጣም ኃይለኛ ከሆነ 500 ሚሊአምፒር-ሰዓት አጥተው አምፒሩን ቢያገኙ ይሻላል። አለበለዚያ ቮልቱ ቶሎ ይወርዳል፣ ድንጋዩም ይግላል።

አራተኛ፣ ርዝመቱንና ጫፉን ያስተያዩ። መከላከያ ሰርኪዩት የተገጠመለት 18650 በትክክል 65 ሚሊሜትር አይደለም፤ 68 ወይም 69 ይሆናል። ጠባብ ባትሪ ውስጥ ክዳኑ አልዘጋ ይላል፤ በግድ ካጠበቁት ሞላውን ያጣምማል። የፖዘቲቩ ጫፍ ጉጥ ያለው ወይም ጠፍጣፋ ሊሆን ይችላል፤ አንዳንድ ባትሪ ጉጥ ከሌለው ጨርሶ አይነካም። የድሮውን ድንጋይ ይዘው ሄደው ጎን ለጎን ማቆም ከሁሉ ይበልጣል።

አምስተኛ፣ ይመዝኑት። 9900 የሚል 18650 ካዩ ውሸት ነው፤ በዚያ መጠን እስካሁን የተለመደው ጣሪያ 3500 አካባቢ ነው። እውነተኛው ከ45 እስከ 50 ግራም ይመዝናል፣ 21700 ደግሞ 70 ግራም ገደማ። የወጥ ቤት ሚዛን ላይ 30 ግራም ካሳየ ውስጡ ጉልበት የለም። ከአሮጌ ላፕቶፕ የወጣ ከሆነ በቴስተር ይለኩት፤ ከ2.5 ቮልት በታች ከወረደ በቻርጅ ሊያስነሱት አይሞክሩ። የፕላስቲክ ልባሱ የተቀደደም ቢሆን አይግዙ፤ ከጉጡ በስተቀር አካሉ በሙሉ ኔጋቲቭ ስለሆነ በትንሽ ብረት ይገናኛል፣ እሳትም ያስነሳል።

የእኔ ምርጫ ይህ ነው። ለኪስ 18650፤ ቻርጀሩም መለዋወጫውም በቀላሉ ይገኛል። ለቤትና ለመንገድ፣ ክብደቱ ካላስቸገረዎ፣ 21700። 16340ን ለቁልፍ መያዣ ካልሆነ አልመክርም፤ ኃይለኛ ብርሃን በጥቂት ደቂቃ ይጨርሰዋል።

ቻርጀሩ 4.2 ቮልት ላይ በራሱ የሚያቆም ለሊቲየም የተሠራ መሆን አለበት። ለወራት የሚያስቀምጡት ከሆነ ግማሽ ያህል ሞልተው ከሙቀት ያርቁት። ከውጭ አገር ለቤተሰብ የምትልኩ ወይም ይዛችሁ የምትመጡ ደግሞ ትርፉን ድንጋይ ወደ ሻንጣ ክፍል በሚገባው ጓዝ ውስጥ አታድርጉ። የአውሮፕላን ሕግ ከ100 ዋት-ሰዓት በታች ያለውን በእጅ ሻንጣ ይፈቅዳል፤ እያንዳንዱን በየራሱ የፕላስቲክ ሳጥን አድርጉት፣ ከሌለም ጫፎቹን በቴፕ ሸፍኑ።