«ኳየር» ወይስ «መዘምራኖች»?

ጥያቄ፦ ለቡድናችን ባነር ልናሠራ ስንል ግማሹ «ኳየር»፣ ግማሹ «መዘምራኖች» ይጻፍ አለ። የቱ ይሻላል?
አንባቢ፣ ከሚዛን ተፈሪ

መልስ፦ ውድ ጠያቂ፣ «መዘምራን» «ዘመረ» ከሚለው የግእዝ ግስ የወጣ ነው፤ ነጠላው «መዘምር» ይባላል። የዕብራይስጡ «ሚዝሞር» (መዝሙር) እና የዐረብኛው «ሚዝማር» (የሚነፋ የዜማ መሣሪያ) የሥር ዘመዶቹ ናቸው።

«ኳየር» ከእንግሊዝኛ ቢመጣም መነሻው የግሪኩ «ኮሮስ» ነው። በጥንቱ የግሪክ ቴአትር ኮሮስ እያዜመ የሚጨፍር ቡድን ነበር። በአገራችን ቃሉ በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ዘንድ ተለምዷል፤ የአዲስ አበባው ሙሉ ወንጌል «ኤ ኳየር» ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው።

«መዘምራን» ራሱ ብዙ ቁጥር ስለሆነ «መዘምራኖች» ማለት አያስፈልግም። «የመዘምራን ቡድን» ወይም «ኳየር» ብትሉ ያስኬዳል። ተጨማሪ የግእዝ መጠሪያ ካሰባችሁ፣ ባነሩ ከመታተሙ በፊት አንድ የግእዝ መምህር ቢያየው ይመረጣል።