አንድ እርምጃ ሲያፈገፍጉብህ

ስማኝ ወንድሜ፤ ፍራንክፈርት ስትገባ ብርዱን አትፍራ፣ ካፖርት ይበቃዋል። እኔ የምሰጋልህ እያወራኸው ያለኸው ሰው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሲልብህ ነው። አንተ ትጠጋለህ፣ እሱ ያፈገፍጋል፤ ማታ «ጠሉኝ» ብለህ እንቅልፍ ታጣለህ። አልጠሉህም። የቆምክበት ቦታ ለእነሱ የቤተሰብ ቦታ ነው።

አሜሪካዊው የባህል አጥኚ ኤድዋርድ ሆል እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተመው መጽሐፍ የአገሩን ሰዎች ርቀት ለክቶ አስቀምጦታል፦ እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ድረስ የፍቅረኛና የቅርብ ዘመድ፣ ከዚያ እስከ 1.2 ሜትር የወዳጅ፣ ከዚያ ወዲያ የሥራና የባዕድ። እኛ ደግሞ የሦስት ሰው ወንበር ላይ ለአራት ተጣብቀን በታክሲ ስንሄድ ያደግን ነን። «ነጭ ሁሉ ይርቃል» እንዳትል ግን። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ የ42 አገሮች ጥናት ከባዕድ ሰው አብዝተው የሚርቁት ሮማኒያውያን፣ በጣም የሚጠጉት አርጀንቲናውያን መሆናቸውን አሳይቷል።

ስትጨብጣቸው ዐይናቸውን እይ። ቤታችን ታላቅ ፊት ዐይን መስበር ጨዋነት ነው፤ እዚያ ግን የምትደብቀው ነገር ያለ ያስመስልብሃል። ግራ እጅህን ከቀኝ ክንድህ ሥር ደግፈህ ጎንበስ ማለትህን ግን አትተው፤ እናታችን ያስተማረችህ አክብሮት ማንንም አያስቀይምም።

ከጓደኛህ ጋር እጅ ለእጅ ተያይዞ መሄድ ፒያሳ ላይ ወዳጅነት ነው። እዚያ ሁለት ወንዶች ከተያያዙ ፍቅረኛሞች ናቸው ተብሎ ይታሰባል። እንደዚያ ቢያስቡህ አትቆጣ፣ ጠብም አታንሳ። ባቡር ጣቢያ ላይ የሚሳሳሙ ጥንዶች ታያለህ፤ አታፍጥጥባቸው፣ ነውራቸው አይደለም። የክፍልህ ልጅ ስታገኝህ ብታቅፍህም ሰላምታ ነው። ከዚያ በላይ አድርገህ አትተርጉመው። ወደሃት ጠይቀሃት «አይሆንም» ካለችህም ነገሩ እዚያው አለቀ። አንተም መታቀፍ ካልፈለግህ ቀድመህ እጅህን ዘርጋ፤ ይገባቸዋል።

ከሁሉ በላይ የምለምንህ ስለ ሕፃናት ነው። የማታውቀውን ልጅ ጉንጭ አትንካ፣ አትሳም፣ ፎቶ አታንሳ። ሠፈራችን ውስጥ የጎረቤት ልጅ ሳይስም የሚያልፍ የለም፤ እዚያ ግን ወላጁ ክፉኛ ይደነግጣል። ልጅ እንደምትወድ ስለማውቅ ይህ እንደሚከብድህ ይገባኛል። ፈገግ በልለትና እለፍ።

ግን ሁሉንም «ባህላቸው ነው» ብለህ አትዋጥ። ከሌሎች ጎን ተመችቶት ተቀምጦ አንተ ስትቀመጥ ብቻ የሚነሳ ሰው ንቆህ ነው። እሱን ባህል አትበለው፣ በራስህም ላይ ጥፋት አትፈልግ።

አደራ፣ ማንም ሳያቅፍህ ወራት አይለፉ። እሑድ እሑድ ሐበሾች ወደሚሰበሰቡበት ሂድና እስክትጠግብ ተሳሳም። ሲከፋህም ሌሊትም ቢሆን ደውልልኝ።