ለአንደኛ ክፍል ልጆች የሚቀል ዘፈን እንዴት እንምረጥ?

ለወላጆች ቀን የአንደኛ ክፍል ልጆች በካራኦኬ እንዲዘፍኑ ክበባችን ተስማምቶ ነበር። ካራኦኬ የጃፓንኛ ቃል ነው፤ «ካራ» ባዶ፣ «ኦኬ» ደግሞ ኦርኬስትራ ማለት ነው። ሙዚቃው ብቻ ይከፈታል፣ ዘፋኙ እናንተ ናችሁ። ከመጀመሪያዎቹ ማሽኖች አንዱን ዳይሱኬ ኢኖዌ የተባለ ሙዚቀኛ በ1971 እ.ኤ.አ. በኮቤ ከተማ ሠራው።

ዘፈኑን የመረጥኩት እኔ ነኝ። እኔ የምወደውን ፈጣን ዘፈን አመጣሁ። ልምምድ ላይ አንዷ ልጅ ማይኩን ይዛ ዝም አለች፤ እንባዋ መጣ። እኛ ሺሺንዳ ብዙ ልጅ ቤቱ የሚያወራው ካፊኖኖ ነው፤ አማርኛው ሮጦባት ነው። ጥፋቱ የኔ ነው።

አሁን መጀመሪያ እያጨበጨብኩ ራሴ እዘፍነዋለሁ። እኔን ትንፋሽ ካጠረኝ እነሱማ አይችሉትም። ዜማው በጣም ወደ ላይ ከወጣም ይጮሃሉ እንጂ አይዘፍኑም። የቡሄው ሆያ ሆዬ ዓይነት በጣም ይመቻል፤ አውጪው ረጅሙን ይላል፣ ተቀባዮቹ አጭሯን ይመልሳሉ። አንዱ ቢረሳ እንኳ አይታወቅበትም።

ያቺ ልጅ አሁን ከተቀባዮቹ ጋር ናት። እንዲያውም አውጪ ልሁን ብላለች! ከእናቶቻችሁ የሰማችሁት አጭር የካፊኖኖ የልጆች ዜማ ካለ፣ አርብ በእረፍት ሰዓት ለክበባችን አምጡልን።