ምንዛሪው በአንዲት ሳጥን ይቀመጥ

በጊጊሪና በአካባቢው ከምንኖር ቤተሰቦች የብዙዎቻችን ገቢ በሺሊንግ ነው፤ አገር ቤት ላሉ አያቶች የምንልከው ግን በብር ይቆጠራል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ተማሪዎቻችን በኤክሴል ያዘጋጁት የቤት በጀት ወዲያው አረጀ። ምንዛሪውን በየረድፉ ጽፈውት ስለነበር ሁሉንም አንድ በአንድ ማረም ግድ ሆነ።

ከዚህ የተማርነው ይህን ነው። የአንድ ሺሊንግን ዋጋ በብር፣ ኤፍ1 በተባለችው ሳጥን ብቻ እንጻፍ። የምንልከው ሺሊንግ ቢ2 ላይ ካለ፣ ሲ2 ላይ የእኩል ምልክት አድርገን ቢ2ን በኤፍ1 እናባዛ። ቀመሩን ወደ ታች ስንጎትት ኤፍ1 ወደ ኤፍ2 እንዳይለወጥ፣ ከኤፍም ከ1ም በፊት የዶላር ምልክት እናድርግ። ከዚያ ወዲያ ምንዛሪው ሲለወጥ አንዲቷን ሳጥን ማረም ይበቃል።

በመጨረሻም ቀሪ ሂሳቡ ከዜሮ ሲያንስ ሳጥኑ እንዲቀላ በ«ኮንዲሽናል ፎርማቲንግ» እናዘው።

ልጆች፣ ኪራዩን፣ የማታቱውንና የዕቁቡን ወጪ ከወላጆቻችሁ ጋር ሆናችሁ አስገቡ። ቀዩ ሳጥን ሲታይ ጥፋተኛ አንፈልግ፤ ወሩ ሳያልቅ እንመካከርበት።