ስለ ፋብሪካ ጢስና ስለ ነፋስ መለኪያ መሣሪያዎች

ከፋብሪካ ጢስ ማውጫ የሚወጣውን ዓይን ቢያየውም መጠኑን ሊያውቀው አይችልም። በምዕራብ ሸዋ፥ በአዳ በርጋ ወረዳ፥ በ1976 ዓ. ም. ሥራ የጀመረው የሙገር፥ በ2007 ዓ. ም. የተከፈተውም የዳንጎቴ ሲሚንቶ ፋብሪካ ይገኛሉ። ሲሚንቶ ድንጋይ ተፈጭቶና ተቃጥሎ የሚሠራ ስለ ሆነ አቧራውን በመሣሪያ መለካት ያስፈልጋል፤ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995ም ብክለትን ይከለክላል።

የአቧራ መለኪያው አሠራር ቀላል ነው። ከጢስ ማውጫው አንድ ወገን ወደ ሌላው ወገን ብርሃን ይላካል፤ አቧራው ሲበዛ የሚደርሰው ብርሃን ይቀንሳል። ነገር ግን ይህ ብቻውን ወጪው ተጽፎ ገቢው እንዳልተጻፈበት መዝገብ ነው፤ አቧራው ወደ ማን ማሳ እንደ ሄደ አይናገርምና። ይህን የሚናገረው በ10 ሜትር ምሰሶ ላይ የሚቆመው የነፋስ ፍጥነትና አቅጣጫ መለኪያ ነው።

ይህም መለኪያ በፋብሪካው ግቢ መተከል አለበት። አምቦ 2,100 ሜትር ያህል ከፍታ ሲኖረው፥ በስተደቡቡ ያለው የወንጪ ተራራ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል፤ በጎረቤት አገር እንኳ የአንዱ ቦታ ብርድና ነፋስ ለሌላው ምስክር አይሆንም።

መሣሪያውን የሚያስመጣ ነጋዴ ሦስት ነገር ያረጋግጥ፤ ይኸውም የሁለቱ መለኪያዎች ሰዓት አንድ መሆኑን፥ መለዋወጫው መገኘቱን፥ የሱቅ ሚዛን በየጊዜው እንደሚመረመር ሁሉ የመሣሪያውን ልክ የሚመረምር ባለሙያ መኖሩን ነው። ገበሬው «ሰብሌ ተበላሸ» ሲል፥ ፋብሪካውም «ከእኔ አይደለም» ሲል፥ በመካከላቸው የሚቆመው የታመነ ምስክር በቀንና በሰዓት የተጻፈው መዝገብ ነው።